ሐሙስ ላይ የሚደፋው የእሁድ ምግብ፦ የሳምንቱን አስቀድማችሁ የምታዘጋጁ እንዴት ነው የምትችሉት?

የሦስት እናት (የክሩ ጀማሪ)፣ ሐሙስ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ አንብቤ ብቻ ነበር የምወጣው፤ ዛሬ ግን ግማሽ ድስት ምስር ደፍቼ ስለመጣሁ ካልተነፈስኩት አይወጣልኝም።

ቤታችን አምስት ነን፦ እኔና ባለቤቴ፣ የ11 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ7 ዓመት ወንድ፣ የ2 ዓመት ሕፃን። ሁለታችንም ሥራ ውለን የምንገባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «እማዬ፣ ራት ምንድን ነው?» ይመጣል። መልስ ሲጠፋኝ ከመንገድ የተጠበሰ ነገር ገዝተን መግባት ለመድን። ከዚያ ልማድ ለመላቀቅ ከወር በፊት ቆረጥኩ፤ እሁድ እሁድ የሳምንቱን ሁሉ አበስላለሁ አልኩ።

ያለፈው እሁድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ቆሜ ዋልኩ። አንድ ትልቅ ድስት ምስር፣ አንድ ድስት ሩዝ፣ ዶሮ በድንች፣ የአትክልት ሾርባ። ሰኞ ንግሥት ነበርኩ። ማክሰኞ ማንም አላጉረመረመም። ረቡዕ ልጄ ሳህኑን ገፋ አድርጎ «ይሄ ትናንትም ነበር» አለ። ዛሬ ምስሩን ስከፍተው ጠረኑ ተቀይሯል፣ ሩዙ ደርቋል፣ ድንቹ ውሃ አቁሯል። ባለቤቴ ምንም ሳይል ወጥቶ ያንኑ የተጠበሰ ነገር ይዞ መጣ። ምንም አለማለቱ ነው ያበሸቀኝ።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ በእርግጥ ስንት ቀን ይቆያል? ልጆቹ እንዳይሰለቹ ምን ታደርጋላችሁ? ደግሞስ እሁዴን የሚመልስልኝ አለ?

---

ቅዳሜ ተኚ

አምስት ሰዓት ቆመሽ? እህቴ፣ ሬስቶራንት ከፍተሽ ነው ያልነገርሽን።

---

አባወራው

እኛ ቤት የማበስለው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ በፈረቃ ነው የምትሠራው። ስለዚህ ሐሙስሽን አውቀዋለሁ።

ብዙ ማብሰልሽ አይመስለኝም ጥፋቱ፤ ጨርሰሽ ማብሰልሽ ነው። ቅመሙም ጨውም ዘይቱም ገብቶ ያለቀለት ምግብ ከዚያ ወዲያ ሌላ መሆን አይችልም። ሰኞ የነበረው ሐሙስም እሱው ነው። ተቀቅሎ ብቻ የተቀመጠ ምስር ግን ሰኞ ሾርባ ይሆናል፣ ማክሰኞ በሽንኩርትና በሎሚ ሰላጣ ይሆናል፣ ረቡዕ ቲማቲም ስጎ ውስጥ ገብቶ ለፓስታ ማባያ ይሆናል። ልጆቹ ሦስት ዓይነት በሉ፤ አንቺ የቀቀልሽው አንዴ ነው።

እሁድ የምሠራው እንዲህ ነው። አንድ የጥራጥሬ ድስት እጥዳለሁ፤ ምስር ወይም ሽምብራ፣ ያለ ቅመም። ጎን ለጎን አንድ ዶሮ እቀቅልና ሥጋውን በጣቴ በታትኜ አስቀምጣለሁ፤ መረቁን አልደፋም፣ የሾርባው ነፍስ እሱ ነው። ካሮት፣ ዱባና ሽንኩርት እኩል እኩል ቆርጬ በአንድ ትሪ ኦቨን ውስጥ አስገባለሁ። እኩል የምለው ለውበት አይደለም፤ ትንሹ እያረረ ትልቁ ጥሬ ስለሚቀር ነው። ትሪው ኦቨን ውስጥ እያለ የቲማቲም ስጎ እሠራለሁ፣ ስምንት እንቁላል እቀቅላለሁ። እንቁላሉ ከነቅርፊቱ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆይልኛል። የሰላጣ ቅጠሉን አጥቤ በደንብ አደርቅና ንጹሕ ጨርቅ ባነጠፍኩበት ዕቃ እከድነዋለሁ፤ እርጥብ ከገባ በሁለት ቀን ይላሽቃል። ሁሉም ጎን ለጎን ስለሚበስል ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሩዝና ፓስታ አስቀድሜ አላበስልም፤ ሃያ ደቂቃ ለማይፈጅ ነገር ምን አስቸኮለኝ?

ከድስቱ በፊት ግን ወረቀት አለ። ዓርብ ማታ ቁጭ ብዬ የማየው የምግብ ዓይነት ሳይሆን የሳምንቱን ውሎ ነው። ማን በየትኛው ቀን ያመሻል? የትኛው ልጅ ልምምድ አለው? በጣም የምንጣደፍበት ቀን ላይ በአሥር ደቂቃ የሚቀርበውን አደርጋለሁ፤ ሰፋ ባለው ቀን አዲስ የሚበስል። አንዱን ማታ ደግሞ ሆን ብዬ ባዶ እተወዋለሁ፤ የተረፈው የሚሰበሰብበት ነው። ያንን ባዶ ቀን ከማግኘቴ በፊት እኔም እንደ አንቺ እደፋ ነበር። ከዚያ ፍሪጁን ከፍቼ ምን እንዳለ አያለሁ፤ ገበያ የምሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ከምግብ አሠራር ጽሑፍ ይጀምራል፤ እኔ የምጀምረው ሊጠወልግ ከተዘጋጀው ካሮት ነው።

---

የሦስት እናት

«ጨርሰሽ ማብሰልሽ ነው።» ወንድሜ፣ ይሄን በትልቁ ጽፌ ፍሪጁ ላይ እለጥፈዋለሁ። ምስሩ ያለ ቅመም ሲቀመጥ አይቀልም? ማለቴ ጣዕሙ ወደ ውስጥ አይገባም ብዬ ነው።

---

አባወራው

ትንሽ ይቀላል፣ አልዋሽሽም። ለዚያ ነው ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱን በየማታው አዲስ የማቁላላው። ትኩስ የተቁላላ ሽንኩርት ያረጀ ምግብ እንኳ ዛሬ የተሠራ ያስመስላል። የከተፍኩት ሽንኩርት ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ስላለ ማቁላላቱ አምስት ደቂቃ ነው።

---

ቴርሞሜትር

ሥራዬ የምግብ ንጽህና ቁጥጥር ስለሆነ እኔን የያዘኝ «ጠረኑ ተቀይሯል» የሚለው ነው። የሦስት እናት፣ ድስቱን እንዳለ ነው ፍሪጅ ያስገባሽው ወይስ ከፋፍለሽ?

---

የሦስት እናት

እንዳለ። እስኪቀዘቅዝ ብዬ ምድጃው ላይ ትቼው ማታ 2 ሰዓት ላይ አስገባሁት።

---

ቴርሞሜትር

እንግዲያው ምስሩ ሐሙስ አይደለም የተበላሸው፤ እሁድ ነው።

ባክቴሪያ በደንብ የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከምድጃ ወርዶ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ የሚለው ለዚህ ነው። የአንቺ ከ9 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት አምስት ሰዓት ቆየ። ቢገባም ትልቅ ድስት መሃሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ዳሩን ስትነኪው በረዶ ነው፣ መሃሉ ለብ ብሎ ያድራል። መፍትሔው ዝርግ ዕቃ ነው። ምግቡ ከ5 ሳንቲሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ተከፋፍሎ ከገባ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከቸኮልሽ ዕቃውን በረዶ ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ አማስይው። «ትኩስ ፍሪጅ ያበላሻል» የሚለውን በልክ ውሰጂው፤ የሚፈላ ድስት አታስገቢ እንጂ እንፋሎቱ የበረደለት ዝርግ ዕቃ ችግር የለውም።

ስንት ቀን ላልሽው፦ ፍሪጁ ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት። እሁድ የተሠራ ረቡዕ ላይ ያልቃል ብለሽ አስቢ። የሐሙስና የዓርብ ድርሻ እሁድ እንደቀዘቀዘ በቀጥታ ወደ ፍሪዘር ነው መሄድ ያለበት፤ ረቡዕ ላይ «አልጨረስነውም» ተብሎ አይደለም። ስታሞቂ ደግሞ ለብ ማድረግ ሳይሆን መሃሉ ድረስ እንፋሎት እስኪወጣው፣ ቢያንስ 70 ዲግሪ። ማይክሮዌቭ ከሆነ መሃል ላይ አውጥተሽ አማስይው፤ እኩል አያሞቅም። የሚበላውን ያህል ብቻ ቀንሰሽ አሙቂ፤ ድስቱን ሙሉ እያሞቁ መመለስ ራሱ ያበላሻል።

ጥሬ ሥጋና ዶሮ ከታችኛው መደርደሪያ። ቢያንጠባጥብ ሰላጣው ላይ እንዳይወርድ።

---

ቆጣቢ

ይሄ ሁሉ ጭንቀት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። እኛ ድስት ላይ ያደረ ሩዝ በልተን ነው ያደግነው፣ ምንም አልሆንንም። ደግሞ ቢያድርስ፣ በደንብ ካሞቁት ባክቴሪያው ይሞት የለ እንዴ?

---

ቴርሞሜትር

ወንድሜ፣ ሩዝን መምረጥህ ጥሩ ሆነ፤ የማይሠራው እዚያ ላይ ነውና። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ጥሬ ሩዝ ላይ እንደ ዘር ሆኖ ይቀመጣል። ያ ዘር መፍላትን ይችላል። ሩዙ በስሎ ክፍል ውስጥ ሲቆይ ይነቃና ይራባል፤ ሲራባ የሚያስታውክ መርዝ ይተፋል። ያ መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። ባክቴሪያውን ገደልከው፣ መርዙን ግን በላኸው። የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ሩዝ በ1 ሰዓት ውስጥ ይቀዝቅዝ፣ ፍሪጅ ውስጥም ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። አባወራው ሩዝን በየቀኑ የሚያበስለው ለጣዕም ይሁን ለዚህ ባላውቅም ልክ ነው።

«ምንም አልሆንንም» የሚለውን ሥራ ላይ በየቀኑ እሰማዋለሁ። አንዳንዱ ማታ ያስመለሰውን «ብርድ መቶኝ ነው» ብሎት ያልፋል።

---

ቆጣቢ

እሺ፣ ስለ መርዙ አላውቅም ነበር። ሩዙን ለቀቅኩ። ድስቱን ግን አልለቅም።

---

አያት በጓዳ

ልጆቼ፣ እኔ ስድስት አሳድጌ አሁን የልጅ ልጆች ነው የማበላው። አንቺ የሦስት እናት፣ እሁድ ብቻሽን መቆምሽ አናደደኝ። የ11 ዓመት ልጅ ካሮት መላጥ ትችላለች። የ7 ዓመቱ ምስር ይልቀም፣ ሰላጣ ይጠብ። ልጅ ራሱ ያጠበውን ሰላጣ አይገፋም፤ ይሄን ስድስት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ሌላው፣ ጥራጥሬ ከሌሊቱ መዘፍዘፍ ነው። እኔ ቀይ ቦሎቄ ማታ ዘፍዝፌ ጠዋት ቀስ ብሎ በሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ አድርጌ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ደርሶ ይጠብቀኛል። ልጆቼ የገዙልኝ ነው፣ እድሜ ይስጣቸው።

---

ቴርሞሜትር

እማማ፣ ስለ ልጆቹ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ስለ ቀይ ቦሎቄው ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጨምር። ጥሬው ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ሆድ ክፉኛ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ሌክቲን የሚባል ነገር አለ። የሚጠፋው በኃይል ሲፈላ ነው። ያ የኤሌክትሪክ ድስት ደግሞ በቂ ሙቀት ላይሰጥ ይችላል፤ እንዲያውም ለብ ባለ ሙቀት የበሰለው ከጥሬው የባሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንደ ልማድዎ ይዘፍዝፉት፣ የዘፈዘፉበትን ውሃ ይድፉት፣ በአዲስ ውሃ ምድጃ ላይ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኤሌክትሪኩ ድስት ቢገባ ምንም አይደለም። ምስር ይሄን አይፈልግም።

---

አያት በጓዳ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ሆዱን አመመው ብለው የእኔን ቦሎቄ ሲጠረጥሩ ተቆጥቼ ነበር። እንግዲህ ይቅርታ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው። ተባረክ ልጄ።

---

ግማሽ ሳህን

እዚህ ድረስ ስለ ጊዜና ስለ መበላሸት ተወራ፤ ስለ ሳህኑ ማንም አልተናገረም። የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። የሳምንቱን ወረቀት ስትጽፉ ካሎሪ መቁጠር አያስፈልግም፤ ሳህኑን በዓይን ክፈሉት። ግማሹ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሩቡ እህል፣ ሩቡ ጥራጥሬ ወይም ሥጋ ወይም እንቁላል። አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ሰው ቤት ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ያ ግማሽ ነው፤ ምክንያቱም አትክልት መታጠብ፣ መላጥ፣ መከተፍ ይፈልጋል፣ ማታ ደግሞ ጉልበት የለም። ስለዚህ ከእሁድ ሰዓታችሁ ትልቁን ለአትክልቱ ስጡት፤ ሩዝ ራሱን ያበስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይላል፤ ራት ላይ ብቻ ልሙላው ብትሉ አትችሉትም፣ ከምሳ ዕቃው መጀመር አለበት።

ምስር ለምትሉ፦ በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም። ቫይታሚን ሲ አብሮ ሲገባ ይሻላል። ሎሚ መጭመቅ፣ ጥሬ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ጣል ማድረግ ይበቃል። ቫይታሚን ሲ በሙቀት ስለሚቀንስ ሎሚውን እሁድ ሳይሆን ሳህኑ ላይ ነው የምትጨምቁት። ሻይ ደግሞ ከምግቡ ትንሽ ራቅ ይበል።

ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚመከረው፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። አባወራው ያለው ያልተቀመመ ምግብ እዚህ ላይም ይጠቅማል፦ የ2 ዓመቱን ድርሻ ጨው ሳይገባ ቀንሰሽ ማውጣት ትችያለሽ።

ሳህን የሚገፋውን ልጅ ደግሞ አትታገይው። ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ አሥር ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማየት ይፈልጋል። በትንሹ አቅርቢለት፤ ካልበላው ዝም ብለሽ አንሺው። የሚወደው አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ገበታው ላይ ይኑር።

---

በረዶ ቤት

ፍሪዘር የእኔ ነገር ነው፣ ልግባበት።

በደንብ የሚቀዘቅዙት የቲማቲም ስጎ፣ ሾርባ፣ የተቀቀለ ጥራጥሬ፣ የተበታተነ ዶሮ ከመረቁ ጋር፣ የተፈጨ ሥጋ ናቸው። የማይሆኑት ኪያር፣ ሰላጣና ጥሬ ቲማቲም ናቸው፤ ሲቀልጡ ውሃ ይሆናሉ። የተቀቀለ እንቁላል ነጩ እንደ ጎማ ይሆናል። ካሮትና ፎሶሊያ ጥሬውን ከምታቀዘቅዙ የፈላ ውሃ ውስጥ ለ2 እና ለ3 ደቂቃ ከትታችሁ ወዲያው በረዶ ውሃ ውስጥ ጨምሩት፤ አለዚያ ቀለሙና ጣዕሙ በሳምንታት ውስጥ ይሄዳል። ዕቃውን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል። አንድ የመስታወት ማሰሮ ፈንድቶብኝ ስጎና ስብርባሪ አብሬ ለቅሜያለሁ።

በአንድ ራት ልክ አቀዝቅዙ። አምስት ኪሎ የሚመዝን አንድ ድንጋይ ለማንም አይጠቅምም። ስሙንና ቀኑን ጻፉበት፤ «አስታውሰዋለሁ» የሚባል ነገር የለም፣ በረዶ የለበሰ ምስርና በረዶ የለበሰ ስጎ አንድ ናቸው። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ምግቡ አይበላሽም፤ ጣዕሙ ግን ከ2 እና ከ3 ወር በኋላ ይቀንሳል። ቅዝቃዜ ባክቴሪያን ያስተኛል እንጂ አይገድልም፤ ስለዚህ ማቅለጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ከዋዜማው ማታ አውርዳችሁ። መደርደሪያ ላይ አይደለም።

---

የጫማ ካርቶን

የሁላችሁንም አነበብኩ፣ ግን የእኔ ፍሪዘር የጫማ ካርቶን ያክላል። መብራትም ይጠፋል። ተስፋ ልቁረጥ?

---

በረዶ ቤት

ኧረ ምን በወጣሽ። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቺ፤ ያልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ይይዛል፣ ጢም ያለ ፍሪዘር ሁለት ቀን፣ ግማሽ የሆነ አንድ ቀን። ካርቶኗን የምትሞዪው በስጎና በዶሮ ብቻ ይሁን።

---

አባወራው

የጫማ ካርቶን፣ እኔ ብሆን ለሁለት እከፍለው ነበር፤ እሁድ አንድ ሰዓት፣ ረቡዕ ማታ አርባ ደቂቃ። ሦስት ቀኑ በራሱ ይጠበቃል። ደግሞ ማዘጋጀት ማለት ማብሰል ብቻ አይደለም። የሚበላው ታውቆ፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ሽምብራው ተዘፍዝፎ ካደረ ግማሹ ሥራ አልቋል። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ያለ ብዙ ቅዝቃዜ የሚቆዩ ናቸው፤ ቅጠላ ቅጠሉን በሳምንቱ መጀመሪያ ብሉ፣ እነሱን ወደ መጨረሻ አቆዩ።

---

የሦስት እናት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ ማታ

ምን እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የመጀመሪያው እሁድ ሦስት ሰዓት ፈጀ፣ ያለፈው ደግሞ ሁለት ሰዓት ከሩብ። አባወራው ላይ አልደረስኩም፣ ግን ከሰዓት በኋላ ተኝቻለሁ፤ ቅዳሜ ተኚ ይስማልኝ። ዝርግ ዕቃ አራት ገዛሁ። ልጄ ወረቀቱን ተረክባለች፤ በአምስት ቀለም ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች፣ ባዶውን ቀን «የጉድ ቀን» ብላዋለች። የሚገርመው ሁሉም የሚወዱት እሱን ሆነ፤ ትንሽ ትንሽ ሰባት ዓይነት ነገር ይቀርባል፣ ይሻማሉ።

ያልሆነልኝም አለ። የድንች ሾርባ አቀዘቀዝኩ። በረዶ ቤት ድንችን ስላልጠቀሰች ይሆናል ብዬ ነው፤ ሲቀልጥ ድንቹ ፍርክርክ አለና ልጁ «አሸዋ አለበት» አለኝ። ፈጭቼ አዳንኩት። ምስሩን ባዶውን ስቀቅል ደግሞ በጣም አበስለውና ለሰላጣ የማይሆን ገንፎ ሆነ። የተጠበሰ ነገርም አንድ ቀን ገዝተናል፣ አልደብቅም።

ልጁ ሰላጣ ያጥባል። መብላቱን ግን ገና፣ እማማ፤ አራተኛ ቀኑ ነው፣ እየቆጠርኩ ነው።

---

በረዶ ቤት

ድንቹ የእኔ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ! የተፈጨ ሲሆን ይቻላል፣ ቁርጥራጩ ነው የሚበላሸው። ምስሩን ለሰላጣ ከሆነ ሳይከካ ክቡን ተጠቀሚ፤ ገና ጥርስ ላይ ጠንከር እያለ አውርጂው።

---

አያት በጓዳ

አራት ገና ምኑ ነው። ባለቤትሽስ? አሁንም ዝም ነው?

---

የሦስት እናት

ረቡዕ የእሱ ተራ ሆኗል፣ እማማ። ይሄን ስጽፍልዎ ከጓዳ ሆኖ «የተከተፈው ሽንኩርት የት ነው?» እያለኝ ነው። ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ፊቱ ላይ ነው ያለው። ልሂድ።